በሪሁን ለልጁ የመረጠው ጠመንጃ

ሚኔሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ውስጥ በሪሁንን የማያውቅ አበሻ ካለ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው። ሠርግ ሲኖር ዣንጥላ እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ካቦርቱን ደርቦ፣ አዳራሹ መሀል እየተንጎራደደ የሚፎክረው እሱ ነው። ቁመቱ ከሚዜዎቹ ሁሉ ያጥራል፤ ድምፁ ግን ጣሪያ ይነቀንቃል። ምን እንደሚል የማይገባቸው አሜሪካኖቹ አስተናጋጆች እንኳ ትሪያቸውን አስቀምጠው ያጨበጭቡለታል። በሥራ ቀን ደግሞ የኩላሊት እጥበት የሚሄዱ በሽተኞችን በቫን ያመላልሳል። እኔም እዚያው ድርጅት ሹፌር ነኝ፤ የተዋወቅነውም በዚያ ነው።

ስሙን ትተን “ኢላማ” ነበር የምንለው። ብሔራዊ ውትድርና ዘምቼ አነጣጥሮ ተኳሽ ነበርኩ ብሎ ስለነገረን ነው። ወሬው እንደ ሊጥ እያደር ኩፍ አለ። መጀመሪያ በአንዲት ጥይት ከኮረብታ ላይ አንድ ሬዲዮ የተሸከመ ሰው መታ፤ በሚቀጥለው ክርስትና ላይ ሬዲዮው ሁለት ሆነ፤ ሌላ ጊዜ ጭጋግ ተጨመረበት። ማን ይቃወመው? አብሮት የዘመተ እዚህ የለም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እኛም ቁርበቱን አነጠፍንለት።

እውነቱ ሰውየው የተኮሰው ሥልጠና ላይ ብቻ ነው። እሱም ጥቂት ጥይት፤ አንዱም የተሰቀለውን ቆርቆሮ አልነካም። ከዚያ ወዲያ ቃታ ስቦ አያውቅም። ይህን ያኔ እኔም አላውቅም፣ እዚህ አገር ያገባት ሚስቱ አስካለማርያምም አታውቅም። ከሁሉም ይልቅ የማታውቀው ልጁ ሊና ነበረች።

ሊና አሥረኛ ክፍል ናት። በቁመት አባቷን የወጣች፣ ቀጭን፣ ክንዷ የሸምበቆ ያህል የሆነ ልጅ ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የእሷ ትምህርት ቤት እንደ ብዙዎቹ የሚኔሶታ ትምህርት ቤቶች የሸክላ ተኩስ ቡድን አለው። ተኳሹ “ፑል” ይላል፤ ከፊት ካለች ዝቅተኛ ቤት ውስጥ ማሽን ብርቱካናማ የሸክላ ሳህን ወደ ሰማይ ይወረውራል፤ ሳህኑ ሳሩ ላይ ሳይወድቅ በሾትገን መሰበር አለበት። ሊና ከቅርጫት ኳስና ከዋና መርጣ እዚህ ገባች። ለምን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ያ የኮረብታው ወሬ ሲነገር አፏን ከፍታ እያዳመጠች ነው ያደገችው፤ የአባቴን እጅ ወርሼ ይሆናል ብላ ነው። እሱ እንዲኮራባት ፈልጋ ነው።

አስካለማርያም ጠመንጃ ቤቴ አይገባም ብላ ማለች። ብዙ ተለምና፣ በመጨረሻ ጠመንጃው ተኩስ ክለቡ ውስጥ ተቆልፎ እንዲቀመጥ ተስማማች። እንግዲህ በሪሁን ልጁን ይዞ ሊገዛ የሄደ ቀን አብሬው ነበርኩ።

ሻጩ ጢሙን ያንዠረገገ፣ የዋህ ሰው ነው። ሊናን ከእግር እስከ ራስ አየና አፈሙዙ አጠር ያለ ሾትገን አወረደላት። ትከሻዋ ላይ ስታደርገው ልክክ አለ። ፈገግ አለች። በሪሁን ግን አላያትም፤ ዐይኑ መደርደሪያው ጥግ ላይ ካለ ባለ አንድ አፈሙዝ ረጅም ጠመንጃ ላይ ተተክሏል። ዙፋን ያየ ነው የሚመስለው።

“ያንን ሾው አድርገን” አለው ሻጩን በአማርኛ፤ ከዚያ ትዝ ሲለው በእንግሊዝኛ ደገመው። ወደ እኔ ዞር ብሎ ደግሞ፣ “አየህ፣ ጠመንጃ ሲሉህ ይሄ ነው። ያኛውማ ምርኩዝ ነው” አለኝ።

እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። እኛ ዘንድ ጠመንጃ ከሰው ትከሻ በላይ ብቅ ብሎ ሲታይ ነው የሚከበረው፤ አጭር ጠመንጃ ማን ዘፈነለት? ሻጩ ሊያስረዳ ሞከረ። ረጅሙ ረጅም ክንድ ላለው ሰው ደኅና ነው፣ ሲንቀሳቀስ ይረጋል፤ ለእሷ ግን ፊቱ ይከብዳታል፣ ሳህኑን ተከትላ ቶሎ ልታዞረው አትችልም አለ።

“አይ ኖው፣ አይ ኖው” አለ በሪሁን፣ አውቃለሁ ለማለት። “አይ ዎዝ ኢን ዘ ሚሊታሪ።”

ሻጩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እዚህ አገር ለወታደር እንደሚባለው፣ ስለ አገልግሎትህ አመሰግናለሁ አለው። በሪሁንም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ምስጋናውን ተቀበለ። የየትኛው አገር ሠራዊት እንደሆነ የጠየቀው የለም።

ቀጥሎ ቾክ የሚባለው ነገር መጣ። ቾክ አውራ ጣት የምታህል የብረት ቱቦ ናት፤ አፈሙዙ ጫፍ ላይ እየተጠመዘዘች ትገባለች። የሾትገን ጥይት አንድ አረር አይደለም፤ ውስጡ የእርሳስ ፍሬዎች ሞልተውታል። ቾኳ ጠባብ ከሆነች ፍሬዎቹ ተጠጋግተው ይሄዳሉ፤ ሰፋ ካለች ቶሎ ይበተናሉ። ሻጩ ለጀማሪ መካከለኛዋ ትሻላለች አለ። በሪሁን ከሁሉም ጠባቧ የትኛዋ ናት ብሎ ጠየቀ። ሻጩ ሳቀና እሷማ ቱርክ ለሚሉት የዱር ዶሮ አደን ናት፣ ዶሮዋ ቆማ አንገቷን ስታሰግግ ለመምታት ነው የተሠራችው አለ።

“ቱርክን ያህል ነገር የገደለች ሸክላ ያቅታታል?” አለኝ በሪሁን። “ጥይት ሲበተን ጥይት አይደለም፤ አሸዋ ነው።”

ይህም ልክ መሰለኝ። ለእኛ ጥይት አንድ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ወይ ይመታል ወይ ይስታል። ሊና አጭሩን ጠመንጃ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። “ማይ ዳድ ኖውስ” አለችው ሻጩን፣ አባቴ ያውቃል።

የበሪሁን አሠለጣጠን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሳሎን ውስጥ የመጥረጊያ እንጨት አስይዟት፣ “አንድ ዐይንሽን ጨፍኚ፤ ትንፋሽሽን ያዢ፤ ድንጋይ ሁኚ” ይላታል። ሥልጠና ላይ አንድ አሥር አለቃ ይጮህበት የነበረውን ነው የሚደግመው። ለተሰቀለ ቆርቆሮ ልክ ነው። የሚበር ሳህን ግን ሁለት ዐይን ከፍቶ፣ ወገብን አዙሮ፣ ጠመንጃው ሳይቆም ነው የሚመታው። ይህን ልጅቷ በምን ታውቃለች።

ክለቡ ከከተማው በስተሰሜን ነው። ሚያዝያ ላይ ልምምድ ሲጀመር የሳሩ ዳር ዳር ገና በረዶ ነበረው። የሌሎቹ ልጆች ሳህን አየር ላይ ዱቄት ሲሆን የሊና ሳህን እንደወጣ ሳሩ ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ጠመንጃው ወደ መሬት ይጎትታታል፤ ቀና እስክታደርገው ሳህኑ ሄዷል። አንዳንዴ ብትደርስበት እንኳ ፍሬዎቹ ተጨናንቀው በጎኑ ያልፋሉ። በሳተች ቁጥር ዘወር ብላ፣ “ሶሪ፣ አባ” ትለዋለች። እሱ ደግሞ አጥሩ ጋ ቆሞ፣ “አይዞሽ፣ ድንጋይ ሁኚ” ይላል።

አንድ ቀን አሠልጣኙ በሪሁንን ለብቻው ጠራው። ልጆቹ ኮች እያሉ የሚጠሩት፣ የብረታ ብረት ሥራ መምህር የነበረ ጡረተኛ ነው። ሁለት ትልልቅ ካርቶን አቁሞ አንዱን በሊና ጠመንጃ፣ ሌላውን በራሱ አጭር ጠመንጃ መታ። በሊና ጠመንጃ የተመታው ላይ ፍሬዎቹ የእራት ሳህን በምታህል ቦታ ተቆልለዋል። በሌላው ላይ ትልቅ ትሪ የሚያህል ቦታ ሸፍነዋል። ኮቹ በዚያ ርቀት የምንፈልገው ትሪውን ነው፤ ጠመንጃውም ረዝሞባታል፤ ሁለቱንም ዐይኗን ትክፈት አለ። ኮቹ ቀጥሎም፣ እኔ ልነግራት እችል ነበር፣ ግን አባቴ አነጣጥሮ ተኳሽ ነው፣ እሱ ነው የመረጠልኝ፣ እሱ ነው ያስተማረኝ ስላለች በአንተ ላይ መግባት አልፈለግሁም፤ አንተው ንገራት፤ የእኔን አጭር ጠመንጃ ትወስዳለች አለው።

የሰው ጨዋነት አንዳንዴ ከስድብ ይከብዳል። በሪሁን ካርቶኖቹን አይቶ ሁሉ ነገር ገባው። “ኦኬ፣ አይ ዊል ቴል ኸር” አለ። እነግራታለሁ ማለቱ ነው።

መኪና ውስጥ ሊና፣ “ዋት ዲድ ኮች ሴይ?” ብላ ጠየቀችው።

“ትዕግሥት ያስፈልጋታል አለ” አላት።

እኔ በሪሁንን የምታዘበው እዚህ ላይ ነው። የኮረብታው ወሬ ጉዳት የለውም፤ ሠርግ ማድመቂያ ነበር። ይሄኛው ግን ልጅ ላይ የተጫነ ነው። ሊነግራት አፉን ይከፍትና ይዘጋል። ቾኩን ተሳስቻለሁ ካለ፣ ተኳሽ የሆነ ሰው ይህን እንዴት ሳተ ትለዋለች። ያን ከመለሰ ኮረብታው ይናዳል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቾኩን በድብቅ ልቀይረው ብሎም ነበር፤ ጠመንጃው የሚቆለፍበትን ሳጥን የሚከፍተው ኮቹ ነው፤ ከጠየቀው ደግሞ ለልጁ እንዳልነገራት ይታወቅበታል። በሚቀጥለው ልምምድ ኮቹ፣ ነገርካት ወይ ሲለው፣ “እምቢ አለች። አባቴ የገዛልኝን ነው የምወደው ትላለች” አለው። ይሄን ሲል ሊና ከወዲያ ማዶ ያን እንጨት የሚያህል ብረት ተሸክማ ተራዋን እየጠበቀች ነበር።

እሷ ግን ጥፋቱን ራሷ ላይ ስትፈልግ ቆይታ ዐይኗ ላይ አገኘችው። ለእናቷ ሩቅ ማየት አልችልም አለቻት። አስካለማርያም የዐይን ሐኪም ቀጠሮ አስያዘች፤ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ወዳለው ክሊኒክ የወሰዳት አባቷ ነው። ክፍሉ ውስጥ ጥግ ላይ ወንበር ሰጥተውት ተቀመጠ። ልጁ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ መጨረሻ ያለችውን፣ እሱ መኖሯን እንኳ ያላያትን መስመር ሳይቀር። ሐኪሟ ዐይንሽ እጅግ ጤነኛ ነው፣ መነጽር አያስፈልግሽም አለቻት። ሌላ ልጅ ቢሆን ደስ ይለው ነበር። ሊና መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ሳታስር አለቀሰች።

“ሶ ኢትስ ጀስት ሚ” አለች። “ችግሩ እኔ ነኝ ማለት ነው። ያንተ ነገር እኔ ላይ የለም።”

“እያደር ይሻልሻል” አላት።

“መሬት ተከፍታ እኔንም መኪናውንም በዋጠችን ብዬ ነበር” አለኝ በኋላ ሲያወራኝ።  ታዲያ ለምን አልነገርካትም አልኩት። “በማግስቱ እነግራታለሁ እያልኩ ነበር” አለኝ። ያ ማግስት ሳምንት አለፈው።

በግንቦት መጨረሻ የወላጆች ቀን መጣ። በዚህ ቀን ወላጅ በልጁ ጠመንጃ ጥቂት ሳህን ይተኩሳል፤ ከዚያ ሥጋ ይጠበሳል፣ ይሳቃል። ሊና ወሬውን ቀድማ ነዝታለች፤ የቡድኑ ልጆች በሙሉ የሊናን አባት ሲተኩስ ለማየት ቆመው ይጠብቃሉ። እኔም እንደ አጎት ተጋብዤ ሄድኩ። በሪሁን ከመኪና ሲወርድ ቀኝ ትከሻውን ይዟል። አሞኛል አለ። ሲያመው የቆየ ትከሻ መሆኑን ያን ዕለት ነው የሰማሁት።

ሊና ፊቷ ትንሽ ከፋው፤ ግን ቶሎ ፈታ ብላ በእሱ ፈንታ እኔ እተኩሳለሁ አለች። ረጅሙን ጠመንጃ አንስታ ወደ መስመሩ ስትሄድ ኮቹ በቀልድ ቢጤ ድምፅ፣ ሁሉም እየሰማ፣ “ሊና፣ ዛሬ እንኳ የእኔን አጭሩን አትሞክሪም? አባትሽ እኮ እምቢ አለች ብሎኛል” አላት።

ልጅቷ ቆመች። “ምን?” የሚል ነገር ከአፏ ሊወጣ ሲል አየሁት። ዞር ብላ አባቷን አየችው። በሪሁን ትከሻውን እንደያዘ መሬት መሬት ያያል። ፊቱን ላየ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ሌባ እንኳ ሲያዝ እንደዚያ አይሆንም። አሥር ጊዜ ዐይኗን አርገበገበች። ከዚያ ወደ ኮቹ ዞራ፣ “የስ፣ ኮች። አይ ላቭ ዚስ ዋን” አለች። ይሄንን ነው የምወደው።

የአባቷን ገበና ሸፈነች። ማንም ያላስተማራት ልጅ፣ አማርኛ የማትናገር ልጅ፣ በዚያ ሁሉ ፈረንጅ ፊት አባቷን ሸፈነችው። እኔ በወቅቱ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ባይገባኝም እንባዬ መጣ።

ፑል አለች፤ ሳተች። ፑል አለች፤ ሳተች። ያ ጠመንጃ ፊቱን መሬት ላይ ይደፋል፣ እሷ ታነሳዋለች፣ ይደፋል። ወላጆቹ ሳቁን ተዉ። የሰው አዘኔታ ይሰማል እኮ፤ ድምፅ ባይኖረውም ይሰማል። የመጨረሻውን ስታ ጠመንጃውን መጋጠሚያው ላይ አጥፋ ከፍታ ባዶ መሆኑን አረጋገጠች፣ ዞራ ለሁሉም ፈገግ አለችና፣ “ኢትስ ኖት ዘ ገን፣ ኢትስ ሚ” አለች፤ ጥፋቱ የጠመንጃው ሳይሆን የእኔ ነው። እዚህ ላይ እንኳ ጠመንጃውን ተከላከለችለት።

በሪሁን ትከሻውን ለቀቀ። ያ ሠርግ የሚያናውጥ ድምፁ ጠፍቶ በቀጭን ድምፅ ነው የተናገረው፤ እንግሊዝኛው ደግሞ በሐፍረት ይበልጥ ተሰባብሯል። ጠመንጃው ነው ችግሩ አለ። እኔ ነኝ የመረጥኩት። ሻጩ ነግሮኝ ነበር፣ ኮች ነግሮኝ ነበር፤ እሷ እምቢ አላለችም፤ እኔ አልነገርኳትም። እኔ ተኳሽ አልነበርኩም። “አይ ዎዝ ኢን ዘ ኪችን” አለ። መምታት ስላቃተኝ ወጥ ቤት መደቡኝ።

 አንድ አባት ቆቡን አወለቀና መልሶ አደረገው። ኮቹ ሄዶ የራሱን አጭር ጠመንጃ ለሊና አመጣላት፤ ከኪሱ መካከለኛዋን ቾክ አውጥቶ ጠመዘዘላት። እሷ ግን እጇን ለመቀበል ዘርግታ ሳለ ወደ አባቷ ነበር የምታየው። ተጠጋችው። እንባ አልነበራትም።

“ዐይን ሐኪም ጋ ስንሄድ ታውቅ ነበር?” አለችው።

ኮረብታውን አልጠየቀችውም። ሬዲዮውን፣ ጭጋጉን፣ ሠርግ ላይ የሚፎክረውን አልጠየቀችውም። ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቅር ያለችው መሰለኝ፤ ይህቺን ግን አላለፈችም።

“አውቅ ነበር” አላት።

ራሷን ነቀነቀችና ወደ መስመሩ ሄደች። ኮቹ ሁለቱንም ዐይንሽን ክፈቺ አላት። አንዱን ሳተች፣ ሁለተኛው ተሰበረ፣ ሦስተኛው ብርቱካናማ ጭስ ሆኖ ቀረ። ልጆቹ ጮኹላት። በሪሁን ለማጨብጨብ እጁን አንስቶ ነበር፤ መልሶ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱ ነው የነገረኝ። ወደ ቤት ሲሄዱ ሊና የፊት በሩን አልፋ ከኋላ ገባች፤ ልክ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ። “ነይ ወደ ፊት” አላት። “አይም ጉድ” አለችው፤ እዚሁ ይሻለኛል። ሠላሳ አምስት የሚባለውን አውራ መንገድ ይዘው ወደ ደቡብ ነዱ። በመስተዋቱ የሚታየው ግንባሯ ብቻ ነበር። ይቅርታ የሚለውን ቃል በአማርኛ ልበላት ወይስ በእንግሊዝኛ እያለ ሲያሰላስል፣ በአማርኛ እንደሚሻል ሲያውቅ፣ ግማሹ መንገድ አለቀ።

“አባ” አለች ከኋላ።

“ወዬ።”

“ኪችን ውስጥ ምንድን ነበር የምትሠራው?”

እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆት አያውቅም። የኮረብታውን ወሬ ሲያወራ ምላሱ አይያዝም፤ አሁን ግን ተንተባተበ። “ምስር” አላት።

“ኤቭሪ ዴይ?”

“አዎ። ሥጋ የመጣ ቀን ሥጋ።”

“ዎዝ ኢት ጉድ?”

“አይ” አላት። “ያርርብኝ ነበር። ወታደሮቹ ይሰድቡኝ ነበር። አንድ ጊዜ ድስቱን ደፍተውብኛል።”

ከኋላ ሳቅ አልመጣም። የት ነበር ካምፑ፣ ስንት ዓመትህ ነበር፣ ፈርተህ ነበር ወይ እያለች ጠየቀችው፤ እሱም እያፈረ፣ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ አንድ በአንድ መለሰላት። ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ። ቤት እስኪደርሱ ጠየቀችው፤ ወደ ፊት ግን አልመጣችም።